አክስቴና የሽንቴ ቀለም

እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጤና ሚኒስትር አለው። ማንም አልሾማትም፤ ማንም ሊያወርዳት አይችልም። የት እንደተማረች አይታወቅም፤ የሥራ ልምዷ ግን የሁላችንም ሆድ፣ ጉሮሮና ወገብ ነው። በሽታ ያለበትን ሰው ከመንገድ ማዶ ሆና ትለየዋለች፤ የሌለበትን ደግሞ እስኪኖርበት በትዕግሥት ትጠብቀዋለች። እኛ ቤት እንዲህ ያለች ሰው የለችም የምትሉ ካላችሁ፣ ልብ አላላችሁም እንጂ አለች። ምናልባት ይሄኔ ስልክ እየደወለችላችሁ ይሆናል።

የእኛዋ ሚኒስትር የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ቤት ውስጥ እቴቴ እንላታለን። ሥራ ላይ ስትሆን ግን፣ ማለትም የሰው ዓይን ገልጣ ስታይ ወይም ምላስ አስወጥታ ስትመረምር፣ እቴቴነቷ ይቀርና ክብርት ሚኒስትር ይሆናሉ። ስለዚህ አንዴ «እሷ» አንዴ «እሳቸው» ብል ግር አይበላችሁ፤ ሴትዮዋ አንድ ናት።

ክብርትነታቸው አጭር፣ ደልደል ያሉና ፈጣን ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት የተማሪ ደንብ ልብስ ስፌት ነው፤ ከሕክምና ጋር የሚያገናኛቸው መርፌው ብቻ ነው። ከማይለያቸው ቦርሳ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር፣ የጉሮሮ ማያ ትንሽ ባትሪ፣ የደረት ቅባትና ሁልጊዜም ነጭ ሽንኩርት አይጠፋም። የበሽታ ሁሉ ምክንያት በእሳቸው ዘንድ ብርድ ነው። የመስኮት ብርድ አለ፣ የእግር ብርድ አለ፣ ላብ ላይ የሚመታ ብርድ አለ። የበሽታ ሁሉ መድኃኒት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ምክራቸው ስህተት ነው። የጎረቤታችንን የጥርስ ሕመም በነጭ ሽንኩርት አክመውት ጥርሱ እንዳመመው ቀረ፤ ሚስቱ ግን ሌላ ክፍል መተኛት ጀመረች።

ዋናው የምርመራ መሣሪያቸው ጥያቄ ነው፤ ያውም አንድ ጥያቄ። ራስህን አመመህ? «ሽንትህ ምን መልክ አለው?» ጉንፋን ያዘህ? «ሽንትህ ምን መልክ አለው?» ደረጃ ስትወርድ እግርህን ወለም አለህ? ቁርጭምጭሚትህን እያሹ ቀና ብለው ያዩሃል፤ «ለመሆኑ ሽንትህ ምን መልክ አለው?»

«ደህና ነው» ብሎ ማምለጥ የለም። «ደህና የሚባል ቀለም አለ እንዴ?» ትላለች። ከዚያ እንደ ክር ሻጭ ቀለሙን በተራ ታወርድላችኋለች። «የገለባ ነው? የማር ነው? የቀጭን ሻይ ነው? የወፍራም ሻይ ነው?» ይህን ሁሉ የምትጠይቀው ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና ከሚንጫጫበት አዳራሽ ባመጣችው ድምፅ ነው። እዚያ ስትሠራ ጮኻ ማውራት ለምዳ፣ ጡረታ ስትወጣ ማሽኑን ትታ ድምፁን ይዛው ወጣች።

የእህቴ ሰርግ ላይ ሙሽራው እንግዶቹን በር ላይ ቆሞ ሲቀበል ተራዋ ደረሰ። ስማው ሳትጨርስ፣ «የኔ ልጅ፣ ያ ኪንታሮት ተወህ?» አለችው። እንዴት እንዳወቀች እሱም እስከ ዛሬ አያውቅም። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ደግሞ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበርና ቀረብ ብሎ ቀረጸው። የሰርጉን ቪዲዮ ለእንግዳ ስናሳይ እዚያ ጋ ስንደርስ ድምፁን እንዘጋዋለን።

አንድ ጊዜ ደግሞ ስልኬን ስላላነሳሁላት እኔ አምደኛ ሆኜ ወደምሠራበት ጋዜጣ ደወለች። ያነሳው ዋና አዘጋጁ ነው። ምን እንዳለችው የገባኝ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ነው። ዋና አዘጋጁ ንግግሩን አቋርጦ ወደኔ ዞረና በሐዘኔታ፣ «ለመሆኑ ድርቀቱ ለቀቀህ?» አለኝ። ስለ ጽሑፌ መስሏቸው ባልደረቦቼ ተንጫጩ። «ኧረ ጽሑፉማ ጥሩ ነው! የምን ድርቀት?» ብለው ተከራከሩልኝ። እኔም ለምን ብዬ አርማቸዋለሁ?

ታክሲ ውስጥ ያደረጉትን ካልነገርኳችሁ ደግሞ ክብርትነታቸውን አላስተዋወቅኳችሁም። ትራፊክ ፖሊስ ታክሲያችንን አስቆመና መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ በመስኮት ጎንበስ አለ። ክብርት ሚኒስትር ከኋላ ወንበር ሆነው ፊቱን አዩት። «ና እስቲ፣ የኔ ልጅ። ዓይንህን ገለጥ አድርግ።» ገለጠ። «ምሳ አትበላም አይደል?» «ሥራው አያስበላም፣ እናቴ» አለ ፖሊሱ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። ስለ ምሳ፣ ስለ እንቅልፍ፣ በመጨረሻም ስለ ቀለሙ ጠየቁት፤ ሁሉንም መለሰ። ሾፌሩ ሳይቀጣ ሄድን። ራቅ ካልን በኋላ ሾፌሩ በመስታወት እያያቸው፣ «እናቴ፣ ነገም በዚህ ይሄዳሉ?» አላቸው።

ይህን ሁሉ የምተርከው ባለፈው ዓመት የሆነውን እንድትረዱልኝ ነው።

ጋዜጣው ስለ አንድ አዲስ ድልድይ እንድጽፍ ወደ ቆላ ላከኝ። ድልድዩ ገና አላለቀም ነበር፤ ትንኞቹ ግን በሙሉ ኃይላቸው ሥራ ጀምረዋል። በሰላም ተመለስኩ፤ ጽሑፉ ታተመ፤ ሰውም አንብቦ ረሳው። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዜን እየቆለፍኩ ሳለ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። መላ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ እንደ እሳት ነደድኩ፤ ቀጥሎ አንሶላው በላብ ራሰ። ባለቤቴ ልብስ ስትደራርብብኝ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለእቴቴ እንዳትነግሪያት።»

«ምን በወጣኝ!» አለች ባለቤቴ፤ እሷም ስለ ቀለም ተጠይቃ ታውቃለች።

ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ሄድኩ። ደሜን አይተው ወባ ነው አሉኝ። መድኃኒት የሰጠኝ ባለሙያ ረጋ ያለ፣ የሚናገረውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለት ዓይነት ክኒን አስቀመጠልኝ። «ይሄኛው ደምዎ ውስጥ ያለውን ወባ ይገድላል። ይሄኛው ደግሞ ጉበት ውስጥ ለተደበቀው ነው፤ ካልወሰዱት ከወራት በኋላ ተመልሶ ይነሳብዎታል» አለኝ። ሁለተኛውን ከመስጠቱ በፊት ግን እጁን ክኒኑ ላይ እንዳደረገ ጠየቀኝ።

«መድኃኒት ወስደው ዓይንዎ ቢጫ የሆነበት፣ ወይም ሽንትዎ የጠቆረበት ጊዜ አለ? ከዘመድስ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ፤ የማውቀው ያንኑ ነበር። እናቴ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ከዘመድ ማን ምን ሆነ ብዬ የምጠይቀው ሰው ደግሞ ያው የምሸሻት ሴት ብቻ ናት።

«አንዳንድ ሰው ይህ ክኒን ደሙን ያፈርስበታል። ቀድሞ የሚታወቅበት ምርመራ ነበር፤ እኛ ጋ ግን መሣሪያው የለም። ስለዚህ አደራ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ክኒኑን አቁመው ወዲያው ይምጡ» አለኝ።

እሺ አልኩት፤ ከልቤም ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ግን ዳንኩ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው አንድ ቀንም አልሞላ። ወገቤን ያመኝ ጀመር። ከአልጋ ተነስቼ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ዳገት የወጣሁ ይመስል ልቤ ይደልቃል። ሽንቴም ጠቆረ። የባለሙያውን አደራ አልረሳሁትም። ግን ተነስቼ እንደገና ክሊኒክ መሄዱ ሰልችቶኝ፣ ላብ ስለበዛብኝ ነው፣ ውሃ ስላልጠጣሁ ነው፣ ነገ ይጠራል አልኩ። ለባለቤቴም አልነገርኳት። በምን አፌ ልንገራት? እኛ ቤት ስለዚህ ነገር የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስልኬ ጠራ። አንስቼ በተቻለኝ ጉልበት፣ «ደህና ነኝ እቴቴ!» አልኳት።

«ደህና ነኝ ስትል መሃሉ ላይ ለምን ተነፈስክ?» አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። ቦርሳዋን ይዛ ገባች። ባለቤቴን ሳመቻት፤ ከዚያ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዓይኔን ገለጠች። አየችው። ሌላኛውንም ገለጠች። ብርድ ነው ትላለች ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሽንትህ ምን መልክ አለው?»

«ደህና ነው።»

«እኔን አትዋሸኝ።»

«እቴቴ፣ ደህና ነው አልኩሽ እኮ!»

ተነሳች። የዚያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ጠፍቶበት ነበርና ሽንት ቤቱ ውሃ አልተለቀቀበትም። ክብርት ሚኒስትር ባትሪያቸውን ይዘው ገቡ። ባለቤቴና እኔ ተያየን። በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ብቻ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ሳቅ ይኖረን ነበር።

ስትወጣ ፊቷን አላወቅኩትም። ባትሪው በእጇ እንደበራ ነው። መጥታ አጠገቤ ቆመችና፣ «ተነስ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ጮኻ አይደለም። ድምፅዋ ከወዲህ ወዲያ የማይሰማ ሆኖ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ድምፅዋ ባሳፈረኝ ቁጥር ምናለ ዝም ባለች ስል ኖሬያለሁ፤ ድምፅዋ ሲጠፋ ግን መሞቴ ነው ብዬ አሰብኩ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክኒን ሁሉ በክንዷ ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባለቤቴ ታክሲ ጠራች። ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ ድምፅዋ ተመለሰላት፤ እንዲያውም እጥፍ ሆኖ። ወረፋው ረጅም ነው። ሰዉ ሁሉ ታሟል፤ ሁሉም ቀድሞ ነው የመጣው። አክስቴ መሃል ቆማ፣ «ወገኖቼ! የወባ ክኒን ወስዶ ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሯል! አሳልፉኝ!» አለች። ሰው እንደዚያ ፈጥኖ መንገድ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። አንድ እጁ በጨርቅ የታሰረ ሽማግሌ ወንበሩን ለቀቀልኝና፣ «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ። የሽንቴን ዜና ያልሰማ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም፤ አላፈርኩም።

ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ጥያቄዋ አጭር አጭር ነው። ምን እንደወሰድኩ ስትጠይቀኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት አክስቴ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘቀዘቀችው። ክኒኑ፣ ቴርሞሜትሩ፣ ቅባቱና ነጭ ሽንኩርቱ ተዘረገፈ። ሐኪሟ ነጭ ሽንኩርቱን በጣቷ ገፋ አድርጋ ክኒኑን አነሳች።

«ይህን ክኒን ካሁን በኋላ አይወስዱም» አለችኝ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞራ፣ «እናቴ፣ ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?» አለቻት።

«ወንድሜ» አለች አክስቴ። ሐኪሟም ፊቷን አይታ ለጊዜው ሌላ አልጠየቀቻትም።

ደሜ ተለካ፤ ሊኖረኝ ከሚገባው ግማሹ እንኳ አልቀረኝም። አልጋ ያዝኩ። ኩላሊቴ እንዳይጎዳ በደም ሥሬ ውሃ ተሰጠኝ፤ ከዚያ ደም ተሰጠኝ። ከረጢቱ ላይ የደም ዓይነትና ቁጥር አለ እንጂ ስም የለም። አንድ የማላውቀው ሰው ከሥራው ሰዓት ቆርሶ ክንዱን ዘርግቶ ሰጥቶት የሄደ ደም ነው። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። በመንገድ ላይ ሰው ሲገፋኝ ዛሬም ምናልባት እሱ ይሆናል እያልኩ እተወዋለሁ።

ደሙ እየወረደ ሳለ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ባለቤቴ ልብስ ልታመጣ ቤት ሄዳለች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው እግር ድረስ ደርሳ ነበር። ትንሽ ነፍስ ስዘራ ጠየቅኳት።

«እቴቴ፣ የትኛውን ወንድምሽን ነው ያልሻት? አጎቴን ንዳድ ገደለው አይደል የሚባለው?»

«የሚባለውማ እሱ ነው» አለች።

የእናቴ ወንድም እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። በቤታችን ስለ እሱ የሚወራው ያቺው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፤ ንዳድ የሚሉት ወባን ነው።

«እናትህ ያኔ አግብታ ሌላ ከተማ ነበረች» አለች አክስቴ። «እኔ ልጅ ነኝ። እሱ ጥጥ እርሻ ሲሠራ ንዳድ ያዘውና ተሸክመው አመጡት። ክኒን ሰጡት። ትኩሳቱ በረደለት፤ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። የሚሸናበትን ፖፖ የምደፋለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ባየው ጥቁር ነው። ‹ምን ሆነህ ነው?› አልኩት። ‹ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ትደነግጣለች። ነገ ይጠራል› አለኝ።»

ነገ ይጠራል። እኔም ለራሴ ያልኩት ቃል በቃል እሱን ነው። አልነገርኳትም።

«እሺ አልኩት» አለች። «ምስጢር ሲነግረኝ ትልቅ ሰው ያደረገኝ መሰለኝ። ጓሮ እየወሰድኩ ማንም ሳያይ እደፋዋለሁ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሰው ንዳዱ ነው አለ። ከዚያ መነሳት አቃተው። ሲሞት ሁሉም ንዳድ ገደለው አሉ። እኔ ግን ያንን ፖፖ አይቻለሁ።»

የአልጋውን ልብስ ጠርዝ እንደሚሰፋ ነገር በጣቶቿ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች።

«ከዚያ ወዲህ ማንም ዝም በይ ቢለኝ አልሰማም» አለችኝ።

የሰርጉ ቪዲዮ፣ ዋና አዘጋጁ፣ ትራፊኩ፣ ሁሉም ባንዴ ትዝ አሉኝ። እጇን ያዝኩ። እሷም ያዘችኝ፤ ወዲያው ግን ጣቷን ወደ ጥፍሬ አንሸራትታ ቀለሙን ታይ ጀመር።

በሽታው ስም አለው። ከዚያ በፊት ግን ያሳሳተን ነገር ነበር። ሐኪሟ ደም ከመሰጠቴ በፊት የወሰደችውን ናሙና ደሜ ክኒኑን ይችል እንደሆነ ለሚለይ ምርመራ ልካው ነበርና ውጤቱ ሲመጣ፣ «በቂ ነው» ይላል። እኔ ተደሰትኩ። አክስቴ ግን፣ «በፍጹም!» ብላ ተነሳች፤ ሐኪሟን ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሐኪሟ ቀደመቻት።

«እውነትዎን ነው፣ እናቴ። እኔም አላመንኩትም» አለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችን። ቀይ የደም ሴሎቻችን ራሳቸውን ከጉዳት የሚጠብቁበት አንድ ኢንዛይም አላቸው፤ ጂ ሲክስ ፒ ዲ ይባላል። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ይህ ያንሰዋል። ዕድሜውን ሙሉ ምንም ላይታወቀው ይችላል። እኔ የወሰድኩት ዓይነት ክኒን ሲገባ ግን መከላከያ የሌላቸው ሴሎች ይፈነዳሉ፤ ሽንቱን የሚያጠቁረው ከእነሱ የሚፈሰው ነው።

«ታዲያ ምርመራው ለምን በቂ ነው አለ?» አልኳት።

«ኢንዛይሙ ሴሉ ሲያረጅ እያለቀ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈነዱት ያረጁት ናቸው። ወባው ራሱም ብዙ ሴል አጥፍቶብዎታል። አሁን የቀሩትና ሰውነትዎ በጥድፊያ እየሠራ የሚያወጣቸው ወጣቶቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከሌሎቹ የተሻለ ኢንዛይም አላቸው። እኛ የለካነው የተረፉትን ነው። ደምዎ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እንደገና እንለካለን። እስከዚያ እንደሌለዎት ነው የምንቆጥረው። እናቴ የወንድማቸውን ነገር ባይነግሩኝ ኖሮ በዚህ ወረቀት ልታለል እችል ነበር።»

«የምን ጂፕ ነው ያልሽው፣ ልጄ?» አለች አክስቴ።

«ጂ ሲክስ ፒ ዲ።»

«ጂፕ» አለች አክስቴ፤ ነገሩ አለቀ። ለቤተሰቡ ሁሉ በስልክ ያወጀችው እንዲህ ብላ ነው፦ «ልጃችን ጂፕ የለውም!» መኪና እንኳ እንደሌለኝ የሚያውቁ ዘመዶቼ ነገሩ ሳይገባቸው ማዘናቸውን ገለጹልኝ።

ወራቱ አለፉ፤ እንደገና ተለካሁ። ሐኪሟ እንዳለችው ነው፤ ኢንዛይሙ ከሚገባው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የተደበቀው ወባ ቢነሳብኝ ትኩሳቱ እንደጀመረኝ እንድመጣ፣ በሄድኩበትም ሁሉ ይህን ለሐኪም እንድናገር፣ እንደ ክኒኑ ደሜን ሊያፈርስብኝ ስለሚችል ባቄላም እንዳልበላ ነገረችኝ። ወደ በሩ ስዞር ግን አክስቴ አልተነሳችም።

«ሌሎቹስ?» አለች።

«የትኞቹ?»

«ውጪ ያሉት።»

ሐኪሟ በሩን ከፍታ አየች። መተላለፊያው ሙሉ የእኛ ቤተሰብ ነው። እህቴ ከልጆቿ ጋር አለች፤ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ መጥታለች፤ የአክስቴ ልጆች ከሥራ ፈቃድ አውጥተው መጥተዋል። አማቻችን፣ ባለ ሰርጉ፣ እሱን ጉዳዩ በደም እንደማይመለከተው ብንነግረውም፣ «እሷ ና ካለችኝ አልቀርም» ብሎ ጥግ ይዞ ቆሟል።

ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ ቁጭ አድርጋ ነገረችን። ይህ ጉድለት ወንድ ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ነው። እናቴም አያቴም ሳያውቁት ይዘውት ኖረዋል ማለት ነው። አክስቴ ቀና አለች። በቤተሰባችን ወግ መልክም፣ ቁመትም፣ ጉብዝናም በአባቴ ወገን ነው የሚነገረው። «ሰማህ?» አለችኝ በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «ከእኛ ነው!»

የእህቴ ትልቁ ልጅ እንደ እኔው ሆኖ ተገኘ። የእኔዋ ልጅ ደግሞ ከእኔ ወርሳለች፤ ስታድግ ለልጆቿ ልታስተላልፍ ትችላለች። ማንም አላለቀሰም። የሚያውቁት ነገር ሆኗልና ይጠነቀቁታል።

በመጨረሻ የአክስቴ ተራ ሆነ። ዕድሜዋን ሙሉ በመርፌ የኖረች ሴት ክንዷን ስትዘረጋ ዓይኗን ጨፈነች። «አየር ሳቢና ያዢው፣ እቴቴ» አልኳት፤ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ውጤቷ እንደታሰበው ነው፤ እሷም ይዛዋለች።

ሁሉም ወጡ። እኔም እየደገፍኳት ልንወጣ ስንል በሩ ጋ ቆመችና ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። ያቺን የጠፋች ድምፅዋን ሁለተኛ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። «ያኔ ብናገር ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ሐኪሟ ከወንበሯ ተነስታ አጠገቧ መጣች።

«አላውቅም፣ እናቴ። ልዋሽዎት አልፈልግም። ያኔ በዚያ አካባቢ ይህን የሚለይ ምርመራ ቀርቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ቢናገሩ እንኳ ክኒኑን ጨርስ ይሉት ይሆናል። እርስዎ ልጅ ነበሩ፤ እሱም የነገረዎት አደራ ብሎ ነው። ጥፋት አላጠፉም።» ከዚያ ወደኔ በአገጯ ጠቆም አደረገች። «ይሄኛው ግን ክኒኑን ሌላ ሁለት ቀን ቢወስድ ኖሮ እዚህ አይቆምም ነበር። ይህን አውቃለሁ።»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። የሐኪሟን ትከሻ ዳበስ አድርጋ ወጣች። ዓይኗን ገልጣ ሳታይላት፣ ምሳ በልተሻል ወይ ሳትላት ወጣች።

ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ መንገዱን አየች። ከዚያ ድንገት፣ «ሲያፏጭ ወፍ ይመልስለት ነበር» አለች።

«ማን?»

«ወንድሜ ነዋ። ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው። ሴት ልጅ ብስክሌት ትነዳለች ብለው ሲቆጡት፣ ‹እሷ ካልነዳች እኔም አልሠራም› ብሎ ሁለት ቀን ሥራ አቆመባቸው። ደግሞ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር። ጥርሱ የተጣመመ መስሎት ነው። አልተጣመመም። እንዴት ያለ ጥርስ ነበረው መሰለህ!»

እኔ የማውቀው አጎት በአንዲት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አጎት ነበር። አሁን ብስክሌት ይነዳል፣ ያፏጫል፣ ከቤተሰብ ጋር ይጣላል፣ እህቱን ከኋላ አስቀምጦ ቁልቁለት ይወርዳል። ከሆስፒታሉ እስከ ቤቷ በር ድረስ ስለ እሱ አወራችኝ፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ስለ ሕመም አንድ ቃል አልወጣትም።

ሾፌሩ ሁለት ጊዜ አሳለ። አልሰማችውም።